ቁልቁለት ላይ የተበተነው ሂሳብ

በንጉሡ ጊዜ ከሞጣ ቢቸና በአጋሰስ ጭነት አመላልስ ነበር። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ነው የተውኩት፤ ጽሕፈቴ ቢጣመም አንባቢ ይቻለኝ።

አንድ ጥቅምት፣ ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር የሞጣ ሰው እናቱን ጠይቆ ሊመለስ ሆነ። መንገዱ ገና ጭቃ ስለነበር መኪና የሚገኘው ቢቸና ነው። እሱንና አንድ ሣጥን ላደርስ ተስማማሁ። ሣጥኑን ከፍቼ ባይ ወፍራም ካርድ ታጭቆበታል፤ ሁሉም ተበሳስቷል።

«ይኼንማ ብል ጨርሶታል። ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቀዳዳው ነው ጽሕፈቱ። የሚያነበው ኮምፒውተር የሚባል የሂሳብ ማሽን ነው፤ እያንዳንዱ ካርድ አንድ ትእዛዝ ነው።»

ጥናቱ ማሽን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በቁጥር ፈንታ የሚጻፍ ፊደልን በፊደል እንዲያባዛና እንዲያጣፋ ማድረግ ነው አለኝ።

«ፊደሉ ስንት እንደሆነ ሳያውቅ?»

«ሳያውቅ።»

እስከ ግንደወይን ድረስ አላመንኩትም። እሱ ግን ጭንቅ ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የትምህርት ቤቱ ማሽን የተሳሳተ መልስ ሰጥቶታል፣ ስህተቱም ጠፍቶታል። ሰኞ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ማሽን ሊያውሰው ቃል ገብቷል። ሰኞ ካለፈ ሌላ ተራ የለም፤ ያለ ውጤት ከተመለሰም ትምህርቱ ይቀራል።

ከግንደወይን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ «ሣጥኑን እኔ ልያዘው» አለ። የእኔ ጭነት ወድቆ አያውቅም ብዬ እምቢ አልኩ። ወዲያው ፈረሱን አንሸራተተው፣ ሣጥኑ ተከፈተ፣ ካርዱ ሣሩ ላይ ፈሰሰ።

ሰውየው ቁጭ አለ። «ካርዱን በተራ ደርድሬ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር በሰያፍ አስምሬበታለሁ። መስመሩ ከገጠመ ተራው ገጠመ። ግን መቼ እንጨርሳለን? መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ነው።»

«ማንበብ ያስፈልጋል?»

«አያስፈልግም።»

«እንግዲያስ ይኼ የእኔ ሥራ ነው» አልኩ።

እሱ የእያንዳንዱን ካርድ ቀዳዳ እያነበበ ሲዘገይ እኔ መስመሩን ብቻ እያየሁ ቀደምኩት። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አንድ ካርድ ላይ ተጣላን።

«ይኼ እዚህ አይገባም፣ ከማካፈሉ በፊት ነው።»

«መስመሩ እዚህ ነው የሚለው።»

«ጋሼ፣ የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ያሰመረውስ ማነው?»

ካርዱን አየው፣ አየው፣ ከዚያ በሳቅ ተንከባለለ። ለካ መስመሩን ያሰመረው ካርዱ ቦታውን ከሳተ በኋላ ነው። ሁለት ወር የፈለገው ስህተት ይኸው ነበር። እኔም ልክ ነኝ፣ እሱም ልክ ነው።

«እንኳን ጣሉት» አለኝ።

«ፈረሱ ነው የጣለው» አልኩ። ዛሬም የምለው ይኼንኑ ነው።

ቅዳሜ ቢቸና ላይ መኪናው ሳይነሣ ደረስን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው ሞጣ መጣልኝ፤ የእጅ ጽሕፈቱ ስላስቸገረኝ ጠላ ቤት ውስጥ ከሌላ አገር የተመደበ የሂሳብ አስተማሪ አነበበልኝ። «ሰኞ ደርሻለሁ። መልሱ ዜሮ ወጣ። እግዜር ይስጥልኝ» ይላል።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ያን ሁሉ ጭነህ ለዜሮ?» አሉኝ።

አስተማሪው ግን የካርዱን ነገር ከእኔ ሰምቶ «የሂሳቡ ሁለቱ ወገን እኩል ከሆነ፣ አንዱ ካንዱ ሲቀነስ ተጣፍቶ ዜሮ ነው የሚቀረው። የፈለገው እሱን ነው» አላቸው።

ለሁሉም ጠላ አስቀዳሁ። ነገሩ ያልገባቸውም ጠጡ።