እናቴ የማትጠራው ስም

የማረቆ በርበሬ ላስቲክ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ አፍንጫ ሳይደርስ ጉሮሮ የሚይዝ። ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ከአውቶቡስ ወርጄ ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝና ቆምኩ። በርበሬዋን የምታገላብጠው ሴት «ይማርዎት እትዬ፤ ልመዝንልዎት?» አለችኝ። ዋጋውን ልጠይቃት ፈልጌ ከአፌ የወጣው «ቀዩ ስንት ነው?» የሚል ነበር። ግራ ገብቷት አየችኝ። «ሁሉም ቀይ ነው እኮ» አለች።

«ቀዩ» የእናቴ ቃል ነው። እናቴ በርበሬ አትልም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከቆሼ በኩል፣ ከማረቆ ቆላ ተድራ የመጣች ናት። በእነሱ ዘንድ ሙሽራ የባሏን አባት ስም አትጠራም። አለመጥራት ብቻም አይደለም፤ አጀማመሩ ያንን ስም የሚመስለውን ቃል ሁሉ ትተወዋለች። የአያቴ ስም በርጋ ነበር። ስለዚህ እናቴ፣ የበርበሬ አገር ልጅ፣ በርበሬን «ቀዩ» አለችው። በር «መግቢያው» ሆነ፤ በርጩማ «መቀመጫው»። ምጥ የያዛትን ጎረቤት ሌሎቹ ሴቶች «በርቺ! በርቺ!» ሲሏት እሷ ብቻ «ጠንክሪ» ትል ነበር። አማርኛውንም የለመደችው እዚያው ቤት ነው፤ የአባቴ ቤተሰቦች የእሷን ቋንቋ አያውቁም፣ እሷም የእነሱን አታውቅም፣ አማርኛ መሃል ላይ ያገናኛቸው ነበር። በተውሶ ቋንቋ እንዲህ ያለ አጥር መጠበቅ ምን ያህል ንቃት እንደሚጠይቅ የገባኝ እኔ ራሴ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ፊደል ስቆጥር ነው። አንድም ቀን ስትስት አልሰማኋትም። ይህን ስል አንዱን ቀን ሳልቆጥር ነው፤ የምነግርሽም ስለዚያ ቀን ነው።

አያቴ በዚህ ነገር መጫወት ይወድ ነበር። ቤቱ በእንግዳ እስኪሞላ ይጠብቅና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ጎመን እንዲህ ያቃጠለው ምንድን ነው?» ይላታል።

እሷ አንገቷን ደፍታ፣ «ቀዩ ነው አባባ።»

«የቱ ቀዩ?»

«ከቆላ የሚመጣው።»

«ስም የለውም?»

«አለው። እኔ ጋ ግን አልደረሰም።»

እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። አንዴ ሳቁን ጨርሶ፣ «ልጄ አይደለሽ? ፈቅጄልሻለሁ፤ ጥሪኝ» አላት። «እርስዎስ ፈቀዱልኝ አባባ፤ አፌ ግን አልፈቀደም» ብላ መለሰችለት። እኔ ስወለድ፣ ሴት ናት ብለው ሌሎቹ ፊታቸውን ሲያጠቁሩ፣ ለወንድ የሚታረደውን በግ ያረደልኝም እሱ ነው። ይሄን አላየሁም፤ የነገረችኝ እናቴ ናት፣ እሷ ደግሞ ወሬ ላይ አትጨምርም።

የጣሊያን ጦር ሲመጣ አያቴ ከአገሩ ሰው ጋር ወደ ሰሜን ዘመተ። አልተመለሰም። የተመለሱት የተለያየ አወሩ። አንዱ «ወንዝ ሲሻገር አይቼዋለሁ» አለ፤ ሌላው «ከተሻገሩት መሃል አላየሁትም» አለ። እማማ የመጀመሪያውን ብቻ ይዛ ቀረች። እማማ የምንላት ሴት አያቴን ነው። ተዝካር አላወጣችም፤ መርዶ አልተቀበለችም። ጠዋት ጠዋት ከቤታችን ፊት ያለውን ጀፎሮ፣ ያንን ሰፊ የሣር ጎዳና፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ እስከ ጫፉ ታየዋለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ።

ጣሊያኖች ቡታጅራ ከገቡ በኋላ ከቤታችን ጩኸት በሚሰማበት ርቀት ላይ ምሽግ ሠሩ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ጡሩምባ ይነፋል። አባቴን ለመንገድ ሥራ ወደ ወልቂጤ በኩል ወስደውታል። ወንድሜ የተወለደው እሱ በሌለበት፣ ልክ የጠዋቱ ጡሩምባ ሲነፋ ነው። ትንሽ፣ የተጨማደደ ነገር ነበር፤ ድምፁ ግን ጉድ ነው። አዋላጇ «ይሄስ ጣሊያንን ዝም አሰኘው!» አለች። እማማ ተቀብላ «ጡሩምባ!» አለችው፤ በዚያው ጸና። ጎረቤቱም በአጥር በኩል ሲያልፍ «ጡሩምባ እንዴት አደረ?» ይል ጀመር።

ዋናው ስሙ ግን መውጣት ነበረበት። አባቴ በነጋዴ አፍ «ስሙን እማማ ታውጣለት» ብሎ ላከ። እማማ አላወጣችም። «ስም የሚያወጣው የቤቱ አባት ነው። መንገድ ላይ ነው፤ ሲመጣ ያወጣለታል። እስከዚያ ጡሩምባ ምን አነሰው?» ጎረቤታችን ፈራ ተባ እያለች «የባለቤትዎን ስም ቢሰጡትስ?» ብትላት እማማ የያዘችውን ቅል አስቀመጠች። «ለልጅ የሚሰጠው የሙት ስም ነው» አለቻት። «የቆመ ሰው ስሙን አይቀማም።» ጎረቤታችን ሁለተኛ አላነሳችም።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ጓሮ የእንሰት ቅጠል ትቆርጥ ነበር፤ ለነገው እንግዳ መቀመጫ የሚነጠፍ። እኔ እየተቀበልኩ እከምራለሁ። ስምንት ዓመቴ ነው፤ ቢበዛ ዘጠኝ። እንሰት ውስጥ ብርሃኑ ራሱ አረንጓዴ ስለሆነ የእናቴ ፊት ከውሃ በታች ያለ ይመስል ነበር። ቢላዋዋን አቆመች።

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሽማግሌው ልጁን ማን ብለን እንመርቀው ብለው ይጠይቃሉ» አለችኝ። «አንቺ ትያለሽ።»

«ምን ልበል?»

«እኔ የማልለውን።»

ቅጠሉን እንደታቀፍኩ ቀረሁ። ለልጇ የመረጠችው ስም ዕድሜዋን ሙሉ ልትጠራው የማትችለውን ነው።

«እማማስ?»

«ይቆጡ ይሆናል። አባባ ግን ያን ያህል ሰው ሆነው፣ ስማቸውን የሚያነሳ ጠፍቶ ሜዳ ላይ አይቀሩም።»

«ታዲያ አንቺ ልጅሽን በምን ትጠሪዋለሽ?»

ከመመለሷ በፊት አንድ ቅጠል ቆረጠች። «ጡሩምባ አለልኝ» አለች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰው ጀፎሮው ላይ፣ ቅጠሉ ላይ ተቀመጠ። ቆጮው ተቆርሷል፣ ጎመኑ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሕፃኑ ግንባሩን ተቀብቶ እማማ ጭን ላይ ተኝቷል። የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ማን ብለን እንመርቀው?»

«ጡሩምባ በሉት» አለች እማማ።

ሰው ሳቀ። ሽማግሌውም ፈገግ አሉ። «ጡሩምባ ብዬ ብመርቀው ምሽጉ ድረስ ሄዶ ከነፊዎቹ ጋር ይሰለፍብሻል።»

«ይሰለፍ! ስም አውጪው እስኪመጣ ነው።»

ሳቁ ጠፋ። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። አንድም ሰው «አይመጣም» አላላትም። ሽማግሌው ግን እጃቸውን አላጠፉም። «ምርቃት በማቆላመጫ አይያዝም» አሉ። «ስም ካልሰጣችሁኝ ዝም ብዬ እነሳለሁ።»

እናቴ ከእማማ ኋላ ተቀምጣ ነበር። አየችኝ።

ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ይሄን በእርግጥ እነግርሻለሁ፤ አልረሳሁትም፣ ሰውንም አላፈርኩም። እማማን እያየሁ ነበር። በአንድ እጇ ከሕፃኑ ፊት ዝንብ ታባርራለች፤ ዓይኗ ግን ከሰዉ ራስ በላይ አልፎ የጀፎሮው ጫፍ ላይ ነው። አፌን ብከፍት ከዚያ ጫፍ የሚመጣ ሰው አይኖርም። አያቴን የምገድለው እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ከንፈሬን ነከስኩ።

እናቴ ጠበቀችኝ። ከዚያ ተነሳች። አራስ ሴት በሽማግሌዎች ፊት መሃል ላይ ስትቆም አይቼ አላውቅም። ነጠላዋን አስተካከለች።

«በርጋ» አለች።

ድምጿ ከፍ ያለ አልነበረም። እኔ ግን ስሙን ገና ያን ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ። ሌሎቻችን ስንጠራው ኖረን አሳስተነው ነበር፤ እሷ ሳትነካው አስቀምጣ እንደተሰጣት አድርጋ አወጣችው። ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከማረቆ የመጣች ዘመዷ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። የእናቴ ፊት ግን ቀጥ ብሏል። በዚያ ዘመን መድፍ ሲጎተት አይቻለሁ፤ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አይቻለሁ። እንደዚያች ቀጭን ሴት የገዘፈብኝ ነገር የለም።

እማማ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«አንቺ ጠራሽው?» አለች።

እናቴ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። መድገም አልቻለችም።

«አንቺ ከጠራሽው» አለች እማማ፣ «አይመጣም ማለት ነው።»

ሽማግሌው ቶሎ ብለው መረቁ። «በርጋ፣ እደግ፣ ተመንደግ፤ ለዚህ ቤት ምሰሶ ሁን።» አሜን ተባለ። ከአሜኑ ቀጥሎ እማማ ሕፃኑን ለእናቴ አቀበለችና ሻሿን ፈታ ጸጉሯን በተነች። የክርስትናው ድግስ ለቅሶ ሆነ።

ግን እንዴት ያለ ለቅሶ! ምሽጉ ቅርብ ነው። በጦርነቱ ለሞተ ሰው የሚያለቅስ ቤት በባንዳዎች ዓይን ይገባል ይባል ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ነጠላቸውን ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተው አለቀሱ። ወንዶቹ ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን ያነሱና በቀስታ ያሳርፉታል። አርባ የሚሆን ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አረንጓዴ ቅጠል ላይ ተቀምጦ፣ ያለ ድምፅ ሲያለቅስ ይታይሽ። ከሥራቸው የቅጠሉ መንሿሿት ብቻ ይሰማል። የቀትሩ ጡሩምባ ሲነፋ ወንድሜ ደንግጦ ነቃና ጮኸ። ማንም ዝም በል አላለውም። ያን ቀን ለአያቴ ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰው እሱ ብቻ ነው።

እናቴ ያንን ስም ዳግመኛ አልጠራችውም። በርበሬም ቀዩ እንደሆነ ቀረ። ልጇን እስክትሞት ድረስ ጡሩምባ አለችው። እማማ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲያ ጡሩምባ ብላው አታውቅም። ና ብላ በርጋ፤ የት ጠፋህ በርጋ፤ ጉዳይ ባይኖራት እንኳ፣ በርጋ። ጀፎሮው ላይ ሲጫወት አንዷ በአንዱ ስም፣ ሌላዋ በሌላው ሲጠሩት እሱ ለሁለቱም በአንድ «አቤት» ይመልስ ነበር።

ጣሊያን ወጥቶ፣ አባቴም ከመንገድ ሥራው ተመልሶ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ እናቴን ጠየቅኋት። እንሰት እየፋቀች ነበር። «ያን ቀን እኔ ብለው ኖሮ አንቺ ሕግሽን አታፈርሺም ነበር» አልኳት።

እጇን አላቆመችም። «ከአንቺ አፍ ቢወጣ ስም ብቻ ይሆን ነበር» አለችኝ። «ከእኔ ስለወጣ መርዶ ሆነ። እማማ ደግሞ መርዶው ያስፈልጋቸው ነበር።»

ይቅር ማለቷ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ መዝኜ አልጨረስኩም።

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ የወረድኩት ወንድሜን ልጠይቅ ነው። ሸብቷል፤ ጆሮውም ደከም ብሏል። ሁለቱም ሴቶች ካለፉ ቆይተዋል። ለሰፈሩ ሰው ጋሽ በርጋ ነው። ምሳ በልተን ግድግዳ ተደግፈን እንደተቀመጥን፣ «ጡሩምባ የሚለኝ ሰው አለቀ» አለኝ። ቀጥሎም እንደ ቀልድ፣ «አንቺስ ብትሆኚ መቼ ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ? በዚህም በዚያም። ዕድሜሽን ሙሉ ‹አንተ› ብቻ።»

እውነቱን ነው። ልቆጥር ሞከርኩ፤ አንድም አላገኘሁም። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ጠበቀኝ።

«አንተ» አልኩት።

«አቤት» አለኝ።