አንገት መጨረሻ ላይ ነው

ግሌኒስ ትራንተርን ሜልቦርን ውስጥ አስከሬን ስትመረምር ብዙ ዓመት አይቻታለሁ፤ ባልደረባዬ ነበረች። የጀልባ ጠጋኝ ልጅ ናት። እጇ ሰፊ ነው፤ አይቸኩልም። ስለ እሷ ሳስብ የሚመጣብኝ የአርኪ ሎክየር አስከሬን የገባበት ቀን ነው።

አርኪ ሽማግሌ ገበሬ ነበር። ማድቤት ወለል ላይ ሞቶ ያገኘው አብሮት የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ሜርቭ ነው። ዋዜማውን ወንድማማቾቹ በመሬት ሽያጭ ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል፤ የሟቹ አንገት ላይ ደግሞ ቀይ መስመር አለ። ስለዚህ ሜርቭ ፖሊስ ጣቢያ ተይዟል።

እኛ ዘንድ ማንኛውም አስከሬን ከነከረጢቱ መጀመሪያ ሲቲ ስካን ይነሣል። ምስሉ ላይ፣ ከምላስ ሥር ባለችው የፈረስ ኮቴ በምትመስል ቀጭን አጥንት አንድ ጎን፣ ክፍተት ታየ። መርማሪ ፖሊሱ ዳግ ፔቲት ስክሪኑ ላይ ተደፋ።

«በቃ፣ ተሰብሯል! አንቆታል።»

«ያየኸው ክፍተት ነው» አለችው ግሌኒስ፤ «ስብራት መሆኑን ማን ነገረህ?»

«እንግዲያው አንገቱን አሁኑኑ ክፈቺዋ፣ ዶክ! አለቃዬ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል።»

«አንገት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ጭንቅላትና ደረት ይከፈትና ደሙ ከአንገት ይውረድ። አሁን ብቆርጠው እኔው ያፈሰስኩትን ደም የሜርቭ ሥራ ነው ትለኛለህ።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ባልሽ እራቱን በስንት ሰዓት ነው የሚበላው?»

«ሲበስል!»

ልቡን ስትከፍት አንዱ የደም ሥር ተደፍኖ አገኘችው። ዳግ ግን «የልብ ሕመምተኛ አይታነቅም እንዴ?» አለ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ወደ አንገቱ መጣች። ቆዳውን፣ ቀጥሎ ጡንቻውን አንድ በአንድ ገለጠች። ከመስመሩ ሥር የደም ምልክት የለም፤ የጠበቀ የሸሚዝ ኮሌታ ያሰመረው ነው። አጥንቷ ጋ ስትደርስ ሁለታችንንም ጠራችን። የክፍተቱ ዳር ለስላሳ፣ በልም አጥንት የተሸፈነ ነው። ሁለቱ ክፍሎች ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይዋሐዱ ኖረዋል እንጂ ማንም አልሰበራቸውም።

ወጣት ሳለሁ ማየት ማወቅ ይመስለኝ ነበር። ምስሉ አልዋሸም፤ የት መፈለግ እንዳለባት አሳያት። በሜርቭ ላይ ለመፍረድ ግን እጇ ጭምር እስኪመሰክር መጠበቅ ነበረብን።

«ታዲያ ልብ ነዋ የገደለው?» አለ ዳግ ቀስ ብሎ።

«ልቡ ነው። ወንድሙ ምን ይላል?»

«ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ላሞቹን ማን ያልባቸዋል እያለ ያደርቀናል።»

«ታዲያ ምን ቆመሃል? ጡታቸው ሊፈነዳ ነው!»

ዳግ እየሳቀ ስልኩን አወጣ። «ሜርቭን ልቀቁት» አለ፤ «ቤቱም አድርሱት። ደግሞ ማለብ የሚችል ሰው ካላችሁ አብሮት ይሂድ፤ ዛሬ ብቻውን ነው።»