የልብስ ሰፊው ቀኝ እግር

የሰፈሩ ሰው ልብስ ሰፊውን «ነገ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ግን ጨርቅ ይዞ ሱቁ የገባ ደንበኛ ሁሉ ይዞ የሚወጣው ይህንኑ መልስ ነው። መልሱንም ቢሆን በቃል አያገኘውም። ልብስ ሰፊው አፉ በስፒል የተሞላ ስለሆነ፣ በቀኝ እግሩ የስፌት መኪናውን ፔዳል እየረገጠ፣ ሁለት ጣቱን ወደ ትከሻው ኋላ ወርወር ያደርጋል። ነገ ማለት ነው። ስንቱ ሙሽራ በሱሪው የተነሳ ሊያለቅስ ደርሷል!

የድዱ ቁስል አልድን ሲልም ሚስቱ «አንተ ሰው፣ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ብላ ብትጨቀጭቀው፣ ያችኑ ሁለት ጣት ነው የወረወረላት። እንዲህ እንዳለ ጥርሱ ተነቃንቆ ወደቀ። ያኔ በግድ ሐኪም ቤት ስላልወሰደችው ዛሬም በራሷ ትናደዳለች።

ካንሰር ነው ተባለ። የታችኛው መንጋጋ ግማሹ ይወጣና፣ በምትኩ የግራ ባቱ ቀጭን አጥንት ከነቆዳውና ከነደም ሥሩ ተወስዶ፣ በመንጋጋ ልክ ተቆራርጦ ይገጠማል። ከአሮጌ ሱሪ እግር ኮሌታ እንደ ማውጣት ነው፤ ለልብስ ሰፊ ይህ አይጠፋውም። እንዲያውም ወደ ቀዶ ጥገናው ሲገፉት «እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ ስቆጣሽ በእርግጫ ነው» አላት። ሳቀች። የመጨረሻው የጠራ ንግግሩ እንደሚሆን ብታውቅ ሌላም ታስወራው ነበር።

አጥንቱ አልያዘም። ነርሷ በየሰዓቱ አፉን በባትሪ እያየች አዲሱን ቆዳ በመርፌ ጫፍ ስትነካው፣ መጀመሪያ ቀይ ደም ይወጣው ነበር፤ ኋላ ጠቆረ። ደሙ መንገድ ላይ ረግቶ ነው አሉ። ከፍተው ሞከሩ፤ አልሆነም፤ አወጡት። ይኸው አሁን አገጩ ወደ አንድ ጎን ወድቆ፣ አንገቱ ላይ በገባ ቱቦ ይተነፍሳል። ሚስቱ ምራቁን በፎጣ ትቀበላለች። ሌላ ምን ታድርግ? በእጇ ያለው ፎጣ ብቻ ነው።

ዶክተሩ መጣና አልጋው አጠገብ ቆመ።

«አባቴ፣ አሁን በቀኝ እግርዎ አጥንት እንሞክር። ይሄኛው ይይዛል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።»

«መርገጥ ይችላል?» አለች ሚስትየው።

«መራመዱን ይራመዳሉ፣ እናቴ።»

«መራመድ አላልኩም፣ ዶክተር። መኪናውን የሚረግጠው በቀኙ ነው። ግራውን ገና አላስቆማችሁትም።»

«ቁርጭምጭሚታቸው ሊደክም ይችላል፤ ዋሽቼ አልነግርዎትም። ግን ከቆየን ቁስሉ ጠባሳ ይይዝና መግጠሙ በጣም ይከብደናል።»

ልብስ ሰፊው ሁለት ጣቱን አነሳና ወደ ትከሻው ኋላ ወረወረ።

«ምን ማለታቸው ነው?» አለ ዶክተሩ።

ይህን እጅ ከሷ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? የባሏን ቃል እንዳለ ብትናገር ይጠብቁታል። ጠባሳው ግን አይጠብቀውም።

«እሺ ነው የሚለው» አለች።

ዶክተሩ ወደ በሽተኛው ዞሮ «እውነት ነው፣ አባቴ?» ሲለው፣ ልብስ ሰፊው ሚስቱን ትኩር ብሎ አያት። ራሱን ነቅንቆ እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ አልነቀነቀም። ዓይኑን ከደነና ከፈተ። ዶክተሩም ለነገ እንደሚዘጋጁ ነግሯቸው ወጣ።

እግርጌው ተቀመጠች። ይቅር በለኝ ልትለው ፈልጋ ፎጣውን አጣጠፈች። ከአንሶላው ሥር ቀኝ እግሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፣ ሱቁ ውስጥ እንደለመደው። እጇን ጫነችበት። እግሩ ከነእጇ መርገጡን ቀጠለ።