በሚስቴ ልብ ላይ የቆጠርኳቸው ነጥቦች

ያልቆጠርኩትን ነገር አላምንም። የባለቤቴ የመርየም ልብ ደክሞ ወንድሟ ሕንድ ወሰዳት። እዚያ ከራሷ የአጥንት መቅኔ ስቴም ሴል የሚሉትን፣ የደከመ ልብ ያድሳል የተባለ ሕዋስ አውጥተው፣ የት እንዳረፈ በምስል እንዲታይ የብረት ብናኝ አስይዘው፣ ልቧ ውስጥ ከተቱላት። ይዛ በመጣችው የኤም አር አይ ፊልም ላይ ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ። አሥራ ዘጠኝ ቆጠርኩ።

በስድስተኛው ወር ለምርመራ ተመልሳ ሁለተኛ ፊልም አመጣች። አሁንም አሥራ ዘጠኝ! በግ አርጄ አፎቻ የምንለውን የሰፈራችንን ዕድር ሰዎች ጠራሁ፤ በሠርግም በቀብርም የምንረዳዳ የጀጎል ጎረቤታሞች ነን። ዱዓው እንዳለቀ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ አሥራ ዘጠኙም በሕይወት አሉ" አልኩ።

"ሐጂ የቆጠረው አይሳሳትም! በሠርጌ ዕለት እንግዳውን በር ላይ ቆጥሮ ያስገባ ሰው ነው" ብሎ አንዱ ሽማግሌ ሁሉን አሳቀ።

ያልሳቀችው የጎረቤታችን ልጅ፣ ሐኪሟ ነኢማ ብቻ ነበረች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝና ነጥቡ ብረቱ ነው። ሴሉ ቢሞትም ብረቱ እዚያው ሊቀር ይችላል። በሕይወት መኖራቸውን ይሄ ምስል አይናገርም" አለችኝ።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ከመርየም አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊልሙን ከመስኮቱ አንስቼ ጠቀለልኩት።

"ነኢማ የነገረችህን አውቀዋለሁ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሕንድ ሳለሁ ሐኪሙ ነግሮኛል። ግን እኔ ከታመምኩ ወዲህ መጀመሪያ እንቅልፍ የወሰደህ ይህን ሁለተኛ ፊልም የቆጠርክ ዕለት ነው።"