ግሩፑን ዝም አሰኝቼ ዝነኛውን ስከተል

ጂንካ ኬሚስትሪ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሆሳዕና መግባት። ሚስቴ እዚያ ነርስ ናት። ልጃችንም እዚያው ተወልዳ እዚያው መዳህ ጀመረች። እኔ በዓመት ሁለቴ፣ አርባ ምንጭ እያደርኩ፣ እንደ እንግዳ እየሄድኩ አያታለሁ። አንድ ጊዜ ከመናኸሪያ በቀጥታ ገብቼ ላቅፋት ስል አለቀሰች። ሚስቴ ስልኳን አውጥታ የእኔን ፎቶ ስታሳያት ግን ሳቀችና ስልኩን ሳመችው። በዕድሜዬ በስልክ የቀናሁት ያን ቀን ነው።

የመምህር ዝውውር ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ዝም ብለህ ልቀቁኝ ብትል የሚሰማህ የለም። አንተ ያለህበትን የሚፈልግ፣ አንተ የምትፈልገው ቦታ ላይ ያለ፣ የሚያስተምረውም ያንተኑ ትምህርት የሆነ ሰው ካገኘህ ግን ትለዋወጣላችሁ። የእርስ በርስ ዝውውር ይባላል። ለእኔ ይህ ማለት ሆሳዕና ቁጭ ብሎ ጂንካን የሚመኝ የኬሚስትሪ መምህር መፈለግ ማለት ነው። ስልኬ ላይ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ለጉዳዩ የተከፈተ ግሩፕ ውስጥ መግባት፣ ሌላው ስለ ጉዳዩ የሚጽፍ ዝነኛ ሰው መከተል። ሁለቱንም ሞከርኩ።

የግሩፑ ሕግ ግልጽ ነበር፤ ያለህበትን፣ የምትፈልገውንና ስልክህን ጽፈህ ዝም። በገባሁበት ቀን እንደተባለው ጻፍኩ። አንዱ «ጂንካ ኬንያ ነው እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ፤ ሌሎቹ ሳቁ። የጂኦግራፊ መምህራን ግሩፕ ስላልሆነ ይቅር አልኩት። ቀስ በቀስ የግሩፑን ጠባይ አወቅኩት። ጠዋት ጠዋት «መልካም ቀን» የተጻፈበት አበባ ይላካል። ቀትር ላይ አንዱ ያገለገለ ፍሪጅ ይሸጣል። ከሰዓት በኋላ የሃይማኖት ክርክር ይነሳና እራት ሰዓት ላይ ይበርዳል። አድሚኑ «ከርዕስ ውጪ የሚለጥፍ ይባረራል» ብሎ በቁጣ ይጽፋል፤ በማግስቱ የእህቱን ልጅ ሠርግ ከቀለበቱ እስከ ቅልቅሉ ይለጥፋል። ከአባላቱ ግማሹ አዲስ አበባን ይፈልጋል፤ የተቀረው አዲስ አበባ ሆኖ ቦሌን ይፈልጋል። ጂንካን የሚፈልግ የለም።

በእኛው ትምህርት ቤት ሌላም የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። ከጎጃም የመጣች፣ ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድማ ጂንካ የገባች ሴት ናት። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ወንበራችን ጎን ለጎን ነው። ሰኞ ሰኞ ከደወል በፊት ያንኑ ጽሑፍ ግሩፑ ላይ ትለጥፋለች፤ ያለሁበት ጂንካ፣ የምፈልገው ሆሳዕና፣ ሶዶ ወይም ወደ መሀል የቀረበ የትም። ከዚያ አበባውንም ፍሪጁንም ክርክሩንም ሳትዘል ከላይ እስከ ታች ታነባለች። አሾፍባት ነበር። አንድ ቀን፣ ዝውውር ባታገኚ እንኳን ፍሪጅ ይዘሽ ትወጫለሽ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ንባቧን ቀጠለች። እኔ የዚያኑ ዕለት የግሩፑን ድምፅ አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ እዚያ ማን ምን እንደጻፈ አላየሁም።

እንዲህ የተጀነንኩት ዝነኛውን አግኝቼ ስለነበር ነው። ዝነኛው ስለ መምህራን መብት ይጽፋል፤ ተከታዩ ከጂንካ ነዋሪ ይበልጣል። ትልቅ ቢሮ ውስጥ ሰው አለው ይባላል። ሰውየው ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ባለመታወቁ የዝነኛው ክብር ይጨምራል። «በዝውውር ጉዳይ ሰሞኑን የምነግራችሁ መልካም ዜና አለኝ፣ ጠብቁኝ» ብሎ ይጽፋል። እንጠብቃለን። ከሳምንት በኋላ «እየጠበቃችሁኝ ነው?» ይላል። አዎ እንላለን። አመስግኖን ይሄዳል። በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ሙሉ ተጠባበቅን።

እሱ በጻፈ ቁጥር ስልኬ እንዲጮህ አደረግኩ። ክፍል ውስጥ ስለ አሲድ እያስተማርኩ ሲጮህ ጠመኔዬን አስቀምጬ አየዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ቤተሰብ የሞተብኝ መስሏቸው ጸጥ ይላሉ። ከጽሑፉ ሥር «ብዕርህ ይለምልም» እላለሁ። አንድ ጊዜ ቀይ ልብ መለሰልኝ። ልቧን ለሚስቴ ላክሁላት። ምንድነው ይሄ ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገሩ መስመር እየያዘ እንደሆነ አስረዳኋት። እውነቴን ነው፣ በዚያች ልብ ሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ታዲያ አንድ እሑድ ዝነኛው ደቡብ ኦሞን ሊጎበኝ እንደሆነ ጻፈ፤ ማክሰኞ አልዱባ ገበያ፣ ረቡዕ ኮልቾ። ከዚያ ሁሉ ተከታይ መርጦ አምላክ እኔን አጠገቡ አስቀምጦኛል አልኩ። ለርዕሰ መምህሩ ሆዴን ቆርጦኛል ብዬ ማክሰኞ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አልዱባ ስደርስ ገበያው ደርቷል፤ ፍየሉ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ የቡና ገለባው። ዝነኛውን ፎቶ በሚያነሱ ሰዎች መሀል አገኘሁት። በአካል ሲታይ አጠር ይላል። ስሜን ነግሬ በየጊዜው ከጽሑፉ ሥር የምጽፍለት እኔ ነኝ አልኩት። አውቅሃለሁ፣ አውቅሃለሁ አለና በሌላ ሰው ስም ጠራኝ። ላርመው አልደፈርኩም። ከዚያ ወሬ የምጀምርበት ቀዳዳ እየፈለግኩ ግማሽ ቀን ከኋላ ከኋላው ዞርኩ። ማር የሚሸጡ አንድ የበና ሽማግሌ ሲታዘቡኝ ቆይተው ዘመድህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይደለም አልኳቸው። ታዲያ ከኋላው ምን አለህ አሉኝ። እርሱን የሚከተሉ ብዙ ሺህ ሰዎች እንዳሉ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሽማግሌው ሌሎቹ የት አሉ ብለው ዙሪያውን ቃኙና ማራቸውን ከዝንብ ሸፈኑ።

እዚያው ቆሜ ስልኬ ጮኸ። ከፊቴ አሥር እርምጃ ርቆ የቆመው ሰው «አልዱባ ገብቻለሁ» ብሎ ጽፎ ነው። ላይክ አደረግኩለት።

ስለ ዝውውሩ እንድናወራ ስጠይቀው፣ ነገ ኮልቾ ተረጋግተን እናወራለን አለኝ። የውሃ ካርቶንና ፍራሽ በተጫነበት መኪናው ኋላ ገባሁ። ከዲመካ ከተማ ካለፍን በኋላ ኔትወርክ ጠፋ፤ ምን ገዶኝ፣ ስልኬ የሚጮህለት ሰው ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በላይ አፋፉ ላይ የተሠራች መንደር ናት፤ ከታች ወንዙ ሲጠመዘዝ፣ በዳርቻውም የተዘራው ማሽላ ይታያል። ረቡዕ ከሰዓት ዝነኛው አፋፉ ላይ ቆመና ስልኩን ሰጠኝ፤ ወንዙ እንዳይቆረጥ አለኝ። አቧራው ላይ ተንበርክኬ አነሳሁት። ፎቶውን ሲያየው ፊቱ በራ። ጊዜው አሁን ነው ብዬ ስለ ሚስቴ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ሆሳዕና አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «ይሄን ኮሜንት ላይ ጻፍልኝ፤ አነበዋለሁ።»

ሐሙስ በጭነት መኪና ስመለስ ዲመካ ላይ ኔትወርክ መጣ። ስልኬ ባልሠራበት ጊዜ መምህርቷ ደጋግማ እንደደወለች የሚገልጽ መልእክት ተደራርቦ ገባ። መልሼ ስደውል አላነሳችም። ከሰዓት በኋላ ጂንካ ገብቼ፣ አቧራዬን እንኳን ሳላራግፍ፣ ማረፊያ ክፍል አገኘኋት። ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም።

ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ እኔ አልዱባ ላይክ ሳደርግ፣ ግሩፑ ላይ አንድ ሰው ጽፎ ኖሯል። የአሪ ተወላጅ ነው፤ ሆሳዕና ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ እናቱ ጂንካ አጠገብ ገጠር ውስጥ ብቻቸውን ታመው ተኝተዋል። ያለሁበት ሆሳዕና፣ የምፈልገው ጂንካ፣ ብሏል።

«ሚስትህና ልጅህ እዚያ ናቸው፣ ይሄ ያንተ ነው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ» አለችኝ። «ማታ አይቼው ደወልኩልህ፤ ስልክህ አይሠራም። ታሟል ሲሉኝ ብርቱካን ይዤ ቤትህ ሄድኩ፤ ተቆልፏል። ጠብቀው ብዬ ሰውየውን ሁለት ቀን ለመንኩት። ዛሬ ቅጹ የሚዘጋበት ቀን ነው፤ የማትፈልጉ ከሆነ ቁርጡን ንገሩኝ አለ። ጠዋት በራሴ ስም ፈረምኩ። ይቅር በለኝ።»

ይቅር በለኝ ያለችው እሷ ናት። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ የምቆጣበት ነገር አጣሁ። አፈርኩ። ስልኬን አውጥቼ ግሩፑን ከፍቼ ወደ ላይ ሄድኩ። የሰውየው ጽሑፍ በአበባውና በፍሪጁ መሀል ተቀምጧል። አንድም ላይክ አላገኘም። ፎቶ የለው፣ ዝና የለው፣ ተከታይ የለው፤ በዚህች አገር እኔ የምፈልገው ሰው ግን እሱ ብቻ ነበር። አንድ ፊት እየተከተልኩ አንድ ዓመት ሙሉ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ጫጫታውን ታግሳ ያነበበችው ሴት ግን ለራሷ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ጭምር ታነብ ነበር።

ማምሻውን ለሚስቴ ደወልኩ። መደበቅ ስላልቻልኩ ሁሉንም ነገርኳት። ልጃችን ከጎኗ ሆና ስልኩን ስጪኝ እያለች ታስቸግራለች። ሚስቴ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ ትልቁ ሰውዬ ምን አለህ ብላ ጠየቀችኝ። ፎቶ አንሳኝ አለኝ፣ አልኳት። 

«ታዲያ» አለች፣ «ጥሩ አድርገህ አነሳኸው?»

ጥሩ አድርጌ አንስቼዋለሁ። ዝነኛው እስከ ዛሬ ከገጹ ላይ አላወረደውም። እኔ ሆሳዕና የገባሁት ከዚያ ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ልጄ ያኔ ስሟን ከነአባቷ መጻፍ ችላ ነበር።