ከሥራ መልስ የሚሰማው ኮቴ

ባለቤቴ ሲሞት ለእናቱ መርዶ አልተነገረም። አማቴ ዓይናቸው ከጠፋ፣ ከአልጋ መውረድም ካቆሙ ቆይተዋል። ልባቸውም ደካማ ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ዘመድ ሰብስቦ፣ «ይህን ከሰሙ አይተርፉም። ለመስክ ሥራ ሄዷል በሏቸው» አለ። ለቅሶውን ጥሊሊ፣ እሱ ቤት ተቀመጥን። እንጅባራ ያለው የእኛ ቤት ድንኳን አልተጣለበትም፤ ደረት አልተመታበትም። ጎረቤቴ አማቴን ስትጠብቅልኝ ሰንብታ ነበርና፣ ስመለስ ቤቱ ምንም ያልሆነ ቤት መስሎ ጠበቀኝ።

ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት በተመለስኩበት ሳምንት ዝናቡ አላቋርጥ አለ። የእኔ ጫማ በስብሶ ስላደረ የእሱን ወፍራም ጫማ አድርጌ ሄድኩ። ከሥራ ስመለስ ኮቴዬ የበረንዳው ጣውላ ላይ ጓ፣ ጓ አለ። ከውስጥ የአማቴ ድምፅ መጣ።

«መጣህ?»

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሱ ከሥራ ሲገባ ብዙ አያወራም ነበር፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ጓዳ ያልፋል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ አለፍኩ። አማቴ ከኋላዬ በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አገውኛ ከሰላምታ አላልፍም። ጫማውን አውልቄ በባዶ እግሬ ተመለስኩና፣ «እንዴት ዋሉ እማማ?» አልኳቸው። ያን ማታ የቀረበላቸውን ሁሉ በሉ።

ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። ኮቴው ካልተሰማ እራት አይቀምሱም። ጫማውን በፌስታል ይዤ እውላለሁ፤ አጥሩ ሥር ቀይሬ እገባለሁ። እነዚያኑ የአገውኛ ቃላትም በየቀኑ ይደግማሉ። ሰዓቱ እንዳያልፍ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሹልክ ማለት ጀመርኩ። የተማሪ ደብተር ሳይታረም ይከማቻል። ሌሊት እሳቸውን ሳገላብጥ አድሬ፣ ቀን ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ፣ «እንዲህ ከሆነ ክፍሉን ለሌላ ሰው ልንሰጠው ነው» አለኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ማልቀስ አለመቻሌ ነበር። በየቀኑ ይዤው የምገባውን ሰው እንዴት ላልቅሰው? ጉሮሮዬን ስጠርግ የሚወጣው ድምፅ የእኔ መሆኑን እየተጠራጠርኩ መጣሁ።

አንድ ቀን ለስብሰባ አስቀሩን። ስንለቀቅ ባጃጅ የለም፤ ጉሙ የቀርከሃውን አጥር ውጦታል። ጫማ መቀየሩን ትቼ እየሮጥኩ ገባሁ።

«አመሸሁብዎ እማማ። እህል ሳይቀምሱ…»

«ምን ያስሮጥሻል? ጎረቤትሽ ካመጣችው ምሳ የተረፈውን በልቻለሁ» አሉኝ። «እሱም በሰዓቱ ገብቷል። ጓዳ ነው።»

ፌስታሉ እጄ ላይ ነበር፤ ጫማው በውስጡ። የጓዳውን በር ተጠጋሁና ሳልከፍተው ተመለስኩ። ያን ቀን ሳሎን ተኛሁ።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት አገውኛ የምትናገር አንዲት የባንጃ ተወላጅ ባልደረባዬ፣ «ዛሬም ከደወሉ ቀድመሽ ልትበሪ ነው?» አለችኝ። «የማያውቅሽ ሙሽራ ናት ይላል።» ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ፣ ይህ አፌ።»

«ተዪው። ይልቅ ይህን ፍቺልኝ» ብዬ፣ በየቀኑ ስሰማቸው ያጠናኋቸውን ቃላት አልኩላት።

ትክ ብላ አየችኝ። «ማን ነው ያለው?»

«አማቴ።»

«ለማን?»

ጫማው ያለበትን ፌስታል ወደ እግሬ ሳብኩት።

«‹አንተስ ሄድክ፣ እሷን አትውሰድብኝ› ማለት ነው» አለች። «በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ አይባልም።»

ያን ቀን በራሴ ጫማ ገባሁና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ መቼ አወቁ?»

«ከጥሊሊ እንደመጣሽ። ቀና ልታደርጊኝ ስታቅፊኝ ራስሽን ነካሁት። ተላጭተሻል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እሱ ከሌለ እዚህ ምን ያስቀምጥሻል? ዳንግላ ትሄዳለች፣ ወደ እናቷ ቤት ትገባለች አልኩ። ኮቴው እስካለ ግን ትመጫለሽ።»

«የትም አልሄድም» አልኳቸው። ያኔ እንባዬ መጣ። እሳቸውም በዚያ በደከመ እጃቸው ደረታቸውን መቱ። ሁለታችን ብቻ፣ ድንኳን ሳይጣል፣ ለቅሶ ተቀመጥን። የባለቤቴ ወንድም ይህን ሲሰማ አፍሮ እሳቸውን እንድታስታምም ሴት ልጁን ላከልን፤ እሷ ስላለች አሁን እስከ መጨረሻው ደወል አስተምራለሁ።

እንባችን በረድ ሲል ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም።

«ያመሸሁ ዕለት ገብቷል ያሉኝ እንዳልጨነቅ ብለው ነው አይደል?»

ፊታቸውን ወደ ጓዳው በር አዞሩ።

«እሱስ ገብቷል» አሉ ቀስ ብለው። «በባዶ እግሩ ነበር እንጂ።»

ጫማውን ለሰው ልሰጠው አስቤ ነበር። አሁን ጓዳው በር ላይ አስቀምጬዋለሁ።