ወተት ያለበት ገንፎ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ወደ ሥራ ስትወጣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል በሰሐን አስቀምጣልኝ፣ "ሶስና እንቁላል አልበላም ብላለች፤ እንዳታይ አድርገሽ ድንቹ ውስጥ ደባልቂላት" አለችኝ። ሶስና የልጅ ልጄ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ግትርነቷን ከማን እንደወረሰችው ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሹካ አንስቼ ድንቹን ማድቀቅ ጀመርኩ፤ ግማሽ ላይ እጄ ቆመ። በኔ ዕድሜ እጅ የሚያስቆም ነገር ብዙ ነው፤ ቁርጥማትም አለ። ያን ቀን ግን ያስቆመችኝ አንጓች ናት።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ድርቁ ባለፈ በዓመቱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከባቡር ሠራተኛ ቤት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት እስኪመጣ ብዬ ባሕር ዳር ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። እሱም ቤቱ ውስጥ ተጋድሜ ሲያየኝ ጊዜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የሕፃናት ማሳደጊያ ወሰደኝና "በጎ ፈቃደኛ" ብሎ አስመዘገበኝ። ፈቃዱ የእሱ ነበር፤ በጎነቱ ደግሞ ገና አልተፈተነም።

አገሬ ነው፣ ቋንቋውም ቋንቋዬ ነው፤ ግን ባሕር ማዶ የተሻገርኩ ያህል ግራ ገባኝ። እኛ ሰፈር ልጅ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ጉያህ ውስጥ ይገባል። እነዚህ ልጆች ስገባ ተነሥተው ይቆማሉ፤ ዳቦ ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጎንበስ ይላሉ፤ ሳቅፋቸው እንጨት ይሆናሉ። ከሁሉ የባሰው "አንቱ" ማለታቸው ነው። "እትዬ፣ ይቀመጡ" ሲሉኝ ከኋላዬ አሮጊት የገባች እየመሰለኝ ዞር እል ነበር። ዝናቡም ሌላ ግራ ነው። የድሬዳዋ ዝናብ መጥቶ ተሳድቦ ይሄዳል፤ የባሕር ዳሩ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ከርሞ ይቀመጣል። ሐይቁና ሰማዩ አንድ ይሆኑና፣ ልብሴም ፍራሼም እርጥብ ደንገልና ዓሣ ይሸታል።

አንጓች ከበለሳ በኩል ከታናሽ ወንድሟ ከማስረሻ ጋር የመጣች ልጅ ናት። መዝገቡ ላይ አምስት ዓመት ተብላለች። በጣም ከስታ ስለነበር ነርሷ በየሳምንቱ ትመዝናት ነበር። ሐምሌ ማለቂያ ላይ ሚዛኑን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

"እስከ ነሐሴ አጋማሽ ካልጨመረች አዲስ አበባ ትላካለች" አለችኝ።

"ማስረሻስ?"

"እሱ ደህና ነው። ምን ብሎ ይሄዳል?"

እንዲያ ተልከው የተመለሱ ልጆች እንደሌሉ ሰምቼ ነበር። እንግዲህ የዱቄት ወተቱን ሦስት ጊዜ ላጠጣት ቆረጥኩ። ነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት ኩባያውን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀብላ፣ በአክብሮት መልሳ መሬት አስቀመጠችው።

"ፍልሰታ ገብቷል እኮ፣ እትዬ።"

"አንቺ ሕፃን ነሽ፤ ጾም የለብሽም። መዝገቡ አምስት ይላል።"

"አምና ሰባት ሞላኝ። ጾም ያስጀመረችኝ እናቴ ናት።" ኩባያውን ገፋ አደረገችና "አብረን ጀመርን። እኔ ጨረስሁ" አለች።

እናቷ አለመጨረሷን ለመረዳት እኔ እንኳ አልዘገየሁም። ግን ምን ላድርግ? ለኃላፊያችን ብነግር እሳቸው ጾምን ኋላ ቀር ልማድ የሚሉ ጓድ ናቸው፤ በግድ ያስጠጧታል። ዝም ብል ልጅቷ ከወንድሟ ትለያለች። ሁለት ቀን ስዞር ከርሜ በሦስተኛው ቀን ማድ ቤት ገባሁና፣ በገንፎዋ ውስጥ የዱቄት ወተት በጠበጥኩ። ወጥ ሠሪዋ እትዬ የሺ ምድጃው አጠገብ ነበሩ። ጀርባቸውን ሰጡኝ።

አንጓች በላች። "ዛሬ ጣፍጧል፣ እትዬ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በላች። ነሐሴ አሥራ አራት ነርሷ መዝና ሳቀች፤ ስሟንም ከሚላኩት ሰረዘችው። እንዴት እንደተደሰትኩ! ወንድሜ ቤት እስክደርስ በዘንባባዎቹ ሥር በጭቃው እየዘለልኩ ነው የሄድኩት።

በማግስቱ ከሰዓት እትዬ የሺ ጠሩኝ። ሰው መኖሩን ግራ ቀኝ አይተው፣

"ነገ ሌሊት ይችን ልጅ በድብቅ ቤተ ክርስቲያን ልወስዳት ነው፤ ልቁረብ ብላለች። ጾሜን ጨርሻለሁ ትላለች። እህስ? ትቁረብ ወይስ ትቅር?"

ደነገጥኩ። "እርስዎ ምን ይላሉ?"

"እኔ ምን እላለሁ? በጥባጯ አንቺ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉኝ? ልጅቷ ከወንድሟ ልትለይ ነበር እኮ!"

"ይህን መች ነገርሽኝ? ብትጠይቂኝ ተልባ አለ፣ ሱፍ አለ፣ ሽንብራ አለ። እኛ ጾመኛ ልጅ ስናሳድግ የኖርን ሰዎች ነን፤ በምን የምናሳድግ መስሎሽ ነው? አንቺ ግን ወተትሽን ይዘሽ ገባሽ። የመንግሥት ነገር መስሎኝ ፈራሁ።"

አለመጠየቄን እስከዚያች ሰዓት አላስተዋልኩትም ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ የእነሱ ልማድ ግራ ገባኝ እያልኩ ስማረር፣ አንድ ቀን እንኳ "እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?" አላልኩም።

አንጓችን ሐይቁ ዳር፣ ዋንዛው ሥር አገኘኋት። ማስረሻ ጠጠር ይወረውራል። ነገርኳት። እንዴት አድርጌ እንደነገርኳት አሁን አላስታውስም፤ የማስታውሰው እንዳላለቀሰች ነው። ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረችና፣

"ስንቱን ቀን ነው?" አለች።

"ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

አልቆረበችም። በበዓሉ ቀን ሌሎቹ ሲገድፉ እሷ ጾሙን እንደገና ከአንድ ጀመረች፤ ብቻዋን፣ አሥራ አምስቱንም ቀን። እትዬ የሺ ከቤታቸው ተልባና ሱፍ ይዘው እየመጡ ገንፎዋን አብረን እናገነፋለን፤ እሷ አጠገባችን ቆማ እያንዳንዷን ጭብጥ ታያለች። ጳጉሜ ላይ ስትመዘን ከወተቱ ጊዜ አንሳ አልተገኘችም። ከእኔ እጅ የተቀበለችውን ሁሉ ግን፣ ዳቦም ቢሆን፣ ውኃም ቢሆን፣ አሽትታ ነበር የምትቀምሰው። በአክብሮት፣ በሁለት እጇ ይዛ።

ውጤቴ መጥቶ ጥቅምት ላይ ስሰናበት እስከ በሩ ሸኘችኝ። የተቆላ ሽንብራ በእፍኟ ይዛ ነበር። "ይብሉ" አለችኝ። ተቀብዬ አፌ ውስጥ ጨመርኩት። አየችኝ።

"ሳያሸቱት?" አለች።

ሽንብራውን ቆርጥሜ ዋጥኩት። ወንድሟ ከጎኗ እንዲቆይ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ያታለልኳትም እኔ ነኝ። አንዱን ከሌላው ለመለየት ስሞክር ይኸው አርጅቻለሁ፤ አሁንም አልለየልኝም።

ሹካውን አስቀመጥኩና ድንቹን በአንድ ሰሐን፣ እንቁላሉን በሌላ አድርጌ ሶስና ፊት አቀረብኩ። "ይኼ ድንች ነው፤ ይኼ እንቁላል ነው፤ እናትሽ ደባልቂላት ብላኝ ነበር" አልኳት። እንቁላሉን በጣቷ ገፋችው። ማታ ልጄ "አንቺ ደግሞ ከሕፃን ጋር ሕፃን!" ብላ ተቆጣችኝ፤ እውነቷን ነው።

ሶስና እንቁላሉን እስከ ዛሬ አልበላችም። የምሰጣትን ግን አታሸትም።